ድባቴ፣ ቲክቶክና «አማኑኤል ገባች» የሚለው ፍርሃት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «27 ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። እንቅልፍ ካጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ምግብ አይበላልኝም፣ ሥራ ላይ ሐሳቤ አይሰበሰብም፣ ድሮ ደስ ይለኝ የነበረው ሁሉ አስጠልቶኛል። ሌሊት ሌሊት ቲክቶክ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም የሚያወሩ ቪዲዮዎች አያለሁ፤ የሚናገሩት ምልክት ሁሉ እኔ ላይ አለ። ኤዲኤችዲ ይሁን ባይፖላር ግራ ገብቶኛል። ሐኪም ጋ ብሄድ ‹አማኑኤል ገባች› ይሉኛል፤ መሥሪያ ቤት ከሰማ አለቀልኝ። እናቴ ጸበል እንሂድ ትላለች። ስልኬን ብተወው ይሻለኛል ወይ?»

ስልክዎን መተው ብቻውን አያሽልዎትም። አራት ወር የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ከሚወዱት ነገር መራቅ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድባቴ ነው፤ ብዙ ሰው ዲፕሬሽን የሚለው ማለት ነው። ስልኩ ጉዳዩ ውስጥ የገባው በሁለት በኩል ነው። አንደኛ እንቅልፍዎን ይወስዳል። ሁለተኛው ብዙም አይነገርለትም፤ የሐኪሙን ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ሌሊቱን ስለ ሕመም ሲያይ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ለጤናው አንድ ነገር ያደረገ ይመስለዋል፣ የተደረገ ግን የለም። ሰው እንዳያውቅብዎት ስለፈሩ ማንም የማያይዎት ቦታ መልስ ይፈልጋሉ፤ ያ ቦታ ስልክዎ ነው። ፍርሃቱ ባለበት ስልኩን ብቻ ቢያርቁት በሦስተኛው ቀን ይመለሳል።

ቪዲዮዎቹ ለምን ሁሉም እርስዎን መሰሉ? ቲክቶክ ምርመራ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ቪዲዮ ላይ ስንት ሰኮንድ እንደቆዩ፣ ደግመው እንዳዩት፣ ለሌላ ሰው እንደላኩት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ሐሳባችሁ የማይሰበሰብ ከሆነ» የሚል ቪዲዮ ላይ ከቆዩ ቀጥሎ የሚመጡት አሥሩም የዚያው ዘመዶች ናቸው፤ በሳምንቱ አገር ምድሩ ኤዲኤችዲ (ሐሳብ የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) ያለበት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በካናዳ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ስለ ኤዲኤችዲ በቲክቶክ ብዙ ተመልካች ካገኙ 100 ቪዲዮዎች 52ቱን አሳሳች ሆነው አግኝቷቸዋል። ዋናው ችግር እንቅልፍ ያጣ ወይም ያዘነ ሰው ሁሉ የሚሰማውን ነገር የአንድ ሕመም መታወቂያ አድርገው ማቅረባቸው ነው።

ሁለቱን የጠሯቸውን ሕመሞች በጥያቄ መለየት ይቻላል። ኤዲኤችዲ በ27 ዓመት ድንገት አይጀምርም፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው፣ ያውም በአንድ ቦታ ሳይሆን ቤትም ትምህርት ቤትም። አንደኛ ደረጃ ሳሉ ደብተር የሚጥሉ፣ ፈተና ሳይጨርሱ የሚወጡ፣ አስተማሪ ዘወትር «ቁጭ በይ» የሚላቸው ልጅ ነበሩ? ካልነበሩና ሐሳብዎ መበተን የጀመረው ከአራት ወር ወዲህ ከሆነ እንቅልፍ ማጣትና ድባቴ ይበቁታል። ባይፖላር ደግሞ የስሜት ከፍታና ድባቴ የሚፈራረቁበት ሕመም ነው እንጂ በአንድ ቀን ውስጥ ደስ ብሎ መከፋት አይደለም። ቢያንስ ለሰባት ቀን፣ ቀለል ባለው ዓይነት ለአራት ቀን፣ ከወትሮው የተለየ ከፍ ያለ ወይም ግልፍተኛ ስሜት ይኖራል፤ ሰውየው ሦስት ሰዓት ተኝቶ ጉልበት ሞልቶት ይነሣል፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘብ ይበትናል። መለያው እንቅልፉ ነው። በድባቴ ሰው መተኛት እየፈለገ እምቢ ይለዋል፣ ሲነጋም ዝሎ ይነሣል፤ በባይፖላር ከፍታ ግን እንቅልፍ አያምረውም። እንዲህ ያለ ጊዜ በሕይወትዎ አንድ ጊዜም ቢሆን አልፎ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ለባይፖላር ታማሚ ከተሰጠ ወደ ከፍታው ሊገፋው ይችላል።

ከቪዲዮው ይልቅ የሚረዳዎ ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድባቴ መለኪያ መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» 0፣ «አንዳንድ ቀናት» 1፣ «ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» 3 ይሰጡታል። ድምሩ ከ27 ነው። 5 መለስተኛ፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ከበድ ያለ፣ 20 ከባድ ድባቴ የሚጀምርባቸው ነጥቦች ናቸው። የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ 10ን መቁረጫ ሲያደርጉት ድባቴ ካለባቸው ከመቶ 86ቱን ይይዛል፣ ድባቴ ከሌለባቸውም ከመቶ ሠላሳ ሦስቱን በስህተት ያስገባል። ስለዚህ 10 እና ከዚያ በላይ ካገኙ «ድባቴ አለብኝ» ብለው አይደምድሙ፤ «መታየት አለብኝ» ብለው ይውሰዱት። ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ይሙሉት። በውድቅት ሌሊት የሚሞላ ሰው ሁሉንም 3 ያደርገዋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ ሌላ ከመለሱ የቀረውን ድምር አይጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ሐሳቡ ዕቅድ ካለው፣ ማለትም እንዴትና መቼ የሚለው ከታሰበበት፣ ዛሬውኑ ነው፤ ብቻዎን አይደሩ፣ ቤት ያለ መድኃኒትና መርዛማ ነገር ሌላ ሰው ይያዝልዎ፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ወደየትኛውም ሆስፒታል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚናገረው፤ ራስ ያማል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ልብ ይመታል፣ «ነርቭ ነው» ይባላል። ሰው ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል። የተገላቢጦሹም አለ፦ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴን ይመስላሉ። ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝልዎ ስላላመነዎት አይደለም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የቡታጅራ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ቤተሰብ 178ቱ ተጠይቀው ከመቶ 75ቱ መገለል እንዳለ ተናግረዋል፤ ከመቶ 37ቱ ሕመሙን መደበቅ ይፈልጋሉ። ነገር ግን መገለል ሁለት ነው። አንዱ ሰው የሚያደርስብዎት ነው። ሌላው እርስዎ በራስዎ ላይ የሚፈርዱት ነው፤ «ደካማ ነኝ»፣ «የተረገምኩ ነኝ»፣ «ለትዳር አልሆንም» የሚለው። በአማኑኤል ሆስፒታል ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታው የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ባለባቸው 212 ታካሚዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ይህን ሁለተኛውን ለክቶታል። ከመቶ 97ቱ ቢያንስ በአንዱ ራስን የማግለል ዐረፍተ ነገር ተስማምተዋል፣ ከመቶ 46.7ቱ ነጥባቸው መካከለኛና ከፍተኛ ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበው፣ ሕክምና ካቋረጡት ግማሽ ያህሉ ያቋረጡት መገለልን ፈርተው መሆኑን መናገራቸው ነው። የእርስዎ ሕመም ያ አይደለም፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ገና ማንም ምንም ሳይልዎት ሕክምናውን ሳይጀምሩት አቋርጠውታል።

ለዚህ የሚሠራው ምክር ሳይሆን ሙከራ ነው። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ወሬ የማያበዛ፣ ከዚህ በፊት የነገሩት ነገር ሌላ ቦታ ሄዶ ያልሰሙት። የሥራ ባልደረባ ባይሆን ይሻላል። ከመንገርዎ በፊት ወረቀት ላይ የሚሆነውን ይገምቱና በመቶኛ ይጻፉ፦ «ትሸሸኛለች፣ 90»። ከዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይንገሯት፦ «አራት ወር ሆኖኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ከፍቶኛል። ሐኪም ልታይ ነው፣ አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል።» የሕመም ስም አይጥቀሱ፣ ታሪኩን ሁሉ አይዘርግፉ። ማታ ላይ የሆነውን ከግምቱ አጠገብ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ግምቱና የሆነው አይገናኙም፤ አልፎ አልፎ ይገናኛሉ፣ ያን ጊዜም ያወቁት አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ጠባብ ነው። የሚበላሸው በምሬት ሰዓት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወይም በስቶሪ ለሁሉም ሲነገር ነው። ለሦስት መቶ ሰው የተነገረ ነገር መልሶ አይሰበሰብም።

መሥሪያ ቤትዎ ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። የአእምሮ ሕመም ከዚህ አልተለየም። የግል የጤና መረጃም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ያለው ነው። በተግባር ግን ወሬ የሚወጣው ከአዋጁ በር ሳይሆን ከፈቃድ ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት ይነጋገሩ፣ ዋናውን ለሰው ኃይል ክፍል በእጅዎ ይስጡ፣ በቢሮ ኢሜይል አይላኩ፣ ለአለቃ በቴሌግራም ፎቶ አንሥተው አይላኩ። ለባልደረቦች «የሕክምና ቀጠሮ አለኝ» በቂ ነው። ማብራሪያ ሲበዛ ጥያቄ ይበዛል።

የት ይሂዱ? አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። ለእርስዎ ሕመም ግን የግድ እዚያ መሄድ የለብዎትም። ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው አጠቃላይ ሆስፒታሎች ናቸው፤ በራቸው ላይ የሚያይዎት ሰው ለጥርስ ይግቡ ለዓይን አያውቅም። በመንግሥት ተቋም አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጠይቃሉ፤ ጤና ጣቢያውን እንደ ማለፊያ ብቻ አይዩት፤ ድባቴ የዓለም ጤና ድርጅት በጠቅላላ ሐኪምና በነርስ ደረጃ እንዲታከም መመሪያ ካወጣላቸው ሕመሞች አንዱ ነው። የግል ክሊኒክ ከመረጡ ሲደውሉ የሚያገኙት ማንን እንደሆነ ይጠይቁ። የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፣ ምዘናና የንግግር ሕክምና ይሰጣል። «ካውንስለር» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናልና የሙያ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ካርድ ሲያወጡ የቢሮ ስልክ አይስጡ።

ሲሄዱ አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ፦ መቼ እንደጀመረ፣ የፒኤችኪው ድምር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የወር አበባ ሁኔታና እርግዝና፣ መጠጥና ጫት። ጫቱን መደበቅ የተለመደ ነው፤ የተደበቀ ጫት ግን የእንቅልፍ ሕክምናን ከንቱ ያደርገዋል። ስለ ሌሊቱ ቪዲዮም ይንገሩ።

መድኃኒት ከታዘዘ ብዙ ጊዜ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ጠዋት ወይም ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው። ሰው በአሥረኛው ቀን የሚያቆመው ማቅለሽለሹ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚመጣ፣ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚዘገይ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ግማሹ ሕክምና ነው። ከዳኑ በኋላም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም ቀስ እየተባለ ነው። ሱስ አያስይዝም። ሱስ የሚያስይዘው ጎረቤት «አንዲት ፍሬ ዋጪ፣ ትተኛለሽ» ብላ የምትሰጠው ዳያዜፓም ነው።

ስልኩን በተመለከተ ጥናቱ ከሚወራው ይልቅ ቆጠብ ያለ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በሦስት ትላልቅ የወጣቶች መረጃዎች ላይ የተሠራ ትንተና የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ከወጣቶች የስሜት ደኅንነት ልዩነት ውስጥ የሚያብራራው ቢበዛ ከመቶ 0.4ቱን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ወደ 10 ደቂቃ ያወረዱት በሦስት ሳምንት ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው ቀንሷል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ፣ ጠቅላላ ሰዓት መቁጠሩ ብዙ አይናገርም፤ መቼ፣ ምን እያዩና በምን ምትክ የሚለው ይናገራል።

ስለዚህ ለሰባት ቀን ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ። ስልኩን ባነሡ ቁጥር ሳይሆን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምሳ በፊት፣ ከራት በፊትና ሲነሡ፣ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን አየሁ፣ ምን ሸሽቼ ነው ያነሣሁት፣ ከዚያ በኋላ ስሜቴ ከ10 ስንት ነው። ብዙ ጊዜ ከእናት ጋር መደወል 6፣ የወንድም ልጅ ቪዲዮ 7፣ የሌሊቱ የሕመም ቪዲዮ 2 ይወጣል። የሚቆረጠው 2 ያለው ነው። የጓደኛ ድምፅ የሚሰሙበትን ቴሌግራም አብረው ከቆረጡት መገለሉን በእጅዎ ጨመሩት።

በስምንተኛው ቀን እንቅልፉን ይያዙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልኩ ከአልጋ በእጅ በማይደረስበት ቦታ ይሰካ። «ማንቂያዬ እሱ ነው» የሚለው ምክንያት ዕቅዱን የሚያፈርሰው ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙ። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ አልጋ ላይ ይውጡ። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈና ካልመጣ ይነሡ፣ ሰዓት ሳያዩ፣ በደብዛዛ መብራት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ጸሎት ወይም የወረቀት መጽሐፍ ይሁን፤ ሲያንቀላፉ ይመለሱ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ወንበሩ ፊቱን ከአልጋው ያዙር፣ ይበቃል። በስንትም ሰዓት ይተኙ፣ መነሻዎ አንድ ይሁን፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ካሉ እሑድም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ይብሳሉ፣ ብዙ ሰው የሚተወውም ያኔ ነው። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፣ የማታ አቦል፣ ቶናና በረካ እኩለ ሌሊት ላይም አብረውዎት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ የሚነገረውን «አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ወደ አምስት ማጥበብ» ግን ባይፖላር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ብቻዎን አይሞክሩት።

ከቲክቶክ ላይ «ሲንክ ኮንታክትስ»ን ያጥፉ፤ ካልሆነ አካውንትዎ ስልክዎ ውስጥ ላሉት ሰዎች ይጠቆማል። «ሪፖስት» ያደረጉት ለጓደኞች እንደሚታይ አይርሱ። «ፎር ዩ»ውን፣ ማለትም ቲክቶክ መርጦ የሚያቀርብልዎን የቪዲዮ ገጽ፣ ከኮንቴንት ፕሪፈረንስስ ውስጥ «ሪፍሬሽ» ማድረግ ይቻላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሕመም ቪዲዮ ሲመጣ ጫን ብለው «ኖት ኢንተረስትድ» ይበሉት። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርዎን «ኖባዲ»፣ ወደ ግሩፕ የሚያስገባዎን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉ፣ ፓስኮድ ያስገቡ። የቴሌግራም ተራ መልእክት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከሐኪም ጋር የሚጻጻፉ ከሆነ «ሲክሬት ቻት» ይጠቀሙ፣ የተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክቱ ጽሑፍ እንዳይታይም ኖቲፊኬሽኑን ይዝጉ።

የነፃውን ሰዓት በምን እንደሚሞሉት ካልወሰኑ ስልኩ ይሞላዋል። ከሥራ ወጥተው አራት ኪሎ ከደረሱ ከዚያ ፒያሳ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷልና ሰበብ የለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ደስ ሳይልዎት፣ በቀጠሮ ይሂዱ፤ ስሜትዎን ከመሄድዎ በፊትና በኋላ ከ10 ይጻፉ። በድባቴ ፍላጎት ከሥራው ኋላ ነው የሚመጣው።

እናትዎን በተመለከተ ጸበልና ሐኪምን አያፋጯቸው። እንዲህ ይበሏት፦ «እማዬ፣ ጸበሉንም እሄዳለሁ፣ ሐኪሙንም እታያለሁ፤ ክኒኑን ሳላቋርጥ።» ጸበል መጠጣትና መጠመቅ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አይጋጭም። የሚጎዳው ሦስት ነገር ነው፦ መድኃኒት አቁሚ የሚል ሰው፣ ምግብ ባልበላ ሰውነት ላይ የሚጨመር ረጅም ጾም፣ መታሰርና መመታት። እነዚህ በሌሉበት ግን ከእናት ጋር በጠዋት መውጣቱ ራሱ ከአልጋ ያስነሣል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ እናትዎን ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙ ለእሷም እንዲያስረዳ ይጠይቁት፤ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ሰበብ የሚመስለው ነገር ነጭ ካፖርት ከለበሰ ሰው ሲመጣ ይሰማል።

ፒኤችኪውን በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ይሙሉ። ሕክምና ከጀመሩ በስድስተኛው ሳምንት ድምሩ ከመነሻው ግማሽ ካልወረደ «አልሠራልኝም» ብለው አይቅሩ፤ ወረቀቱን ይዘው ይመለሱ፣ መጠኑ የሚጨመረው ወይም መድኃኒቱ የሚቀየረው በዚያ ጊዜ ነው።